ለማን አሰማህ?

 

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የሚድ ውጤት በተለጠፈ ማግስት ነው። የዶርም ጓደኛዬ ከመግሪብ ሰላት ተመለሰና ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተጋደመ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከ30 ያመጣው 9 ነበር። «ተነስ፣ ካፌው ሳይዘጋ ራት እንብላ» ስለው፣ «አንተ ሂድ። እኔ ነገ አባቴ ጋ ደውዬ ትምህርቱን ትቼ ልመጣ ነው እለዋለሁ። ይኼ ጭንቅላት አይይዝም» አለኝ።

ይህን ቃል ከሌላ ሰው ብሰማው ብዙም አይገርመኝም ነበር። ጓደኛዬ ግን ሐፊዝ ነው። 30 ጁዝእ፣ 114 ሱራ፣ ከ6,000 በላይ አያ በልቡ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። በረመዳን ተራዊሕ ሲያሰግድ ከኋላው ቆሜ ሰግጃለሁ። እሱ ነው እንግዲህ 60 ገጽ ሃንድአውት ፊት «ጭንቅላቴ አይይዝም» የሚለው።

«ቁርኣኑን በማን ጭንቅላት ነው የያዝከው?» አልኩት። ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣ ነገር ተናገረ፤ «ያ ሌላ ነው። እዚያ ለኡስታዜ ሳላሰማ አንዲት ገጽ አልፌ አላውቅም። እዚህ ማን ይሰማኛል?»

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ መልስ ነው። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር። በቃል መያዝ የሚከብደን አብዛኞቹ ተማሪዎች የጎደለን ጭንቅላት አይደለም፤ የጎደለን ማሰማት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ቁርኣን ቤት ያስለመደንን የአጠናን መንገድ የግቢው በር ላይ አራግፈን ገብተናል። ጀመዓችንም ይህን መንገድ ሊመልስልን ሲችል፣ የወደቀውን ወንድም አብዛኛውን ጊዜ በምክርና በአሮጌ የፈተና ወረቀት ብቻ ይሸኘዋል።

ማንበብና መያዝ

የአብዛኞቻችንን አጠናን ላስታውሳችሁ። ሃንድአውቱን እንይዛለን። በቢጫ ማድመቂያ እናሰምራለን። አንዴ እናነበዋለን፣ እንደግመዋለን፣ እንሠልሰዋለን። አምስተኛው ላይ ስንደርስ ዓይናችን መስመሩ ላይ ሳያርፍ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እናውቃለን። ያኔ ልባችን «ይዤዋለሁ» ይላል፤ ሃንድአውቱን አጥፈን እንተኛለን። ፈተናው ላይ ጥያቄው ሲመጣ ግን ገጹ ትዝ ይለናል፤ ከሥዕሉ በታች በስተግራ በኩል እንደነበረ፣ በቢጫ እንደተሰመረበት ሁሉ ትዝ ይለናል። የተጻፈው ነገር ብቻ የለም።

ይህ የሆነው አይቶ ማወቅና ሳያዩ ማምጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ነው። ከመስጂድ ስትወጣ በየቀኑ ሰላም የምትለውን ሰው ስታየው ታውቀዋለህ፤ ስሙን ጥራ ስትባል ግን ትፈዛለህ። አምስቴ ያነበበ ሰው አምስቴ የተለማመደው ማየትን ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ደግሞ ማምጣትን ነው። ያልተለማመድነውን ሥራ ተፈትነን ስንወድቅ ጥፋቱን በጭንቅላታችን ላይ እንለጥፋለን።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ሙከራ ይህን በቁጥር ያሳያል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች እንዲያጠኑ ተሰጣቸው። አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ። ሌላውን ደግሞ ሁለተኛ ከማንበብ ይልቅ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ጽሑፍ በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75 በመቶ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የተፈተኑት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት ጽሑፍ 42 በመቶውን ብቻ ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ ከጻፉት ጽሑፍ 56 በመቶውን አስታወሱ።

የ5 ደቂቃውን ውጤት በደንብ እዩት። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለን በዚህ ነው፤ ሃንድአውቱን በዘጋንበት ቅጽበት በእርግጥም የያዝነው ይመስላል። ሚድ ፈተና ግን ሃንድአውቱን ከዘጋን ከ5 ደቂቃ በኋላ አይሰጥም።

ቁርኣን ቤቱ ያስለመደን

ብዙዎቻችን በገጠርም ሆነ በከተማ ቁርኣን ቤት አልፈናል። ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ሎህ ላይ የጻፈ አለ፤ በታተመ ጁዝእ የቀራም አለ። ሥርዓቱ ግን ተመሳሳይ ነበር። ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ ይጮኻል፤ ኡስታዙ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ግን ያንተን አንዲት የተሳሳተች ፊደል ነጥለው ይይዙና «መልሳት!» ይሉሃል። ስታሰማ ሎሁ ይገለበጣል። ያላሰማህ ሎህህን አታጥብም፤ ሎህህን ያላጠብክ አዲስ አትጽፍም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ነበሩ።

የመጀመሪያው የሚያዘው ትንሽ መሆኑ ነው። ቁርኣን ራሱ የወረደው በ23 ዓመታት ውስጥ ነው። ከሓዲዎች «ለምን በአንድ ጊዜ አልወረደም?» ብለው በጠየቁ ጊዜ የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ልብ ለማጽናት መሆኑ በሱረቱል ፉርቃን ተነግሯቸዋል። ሶሓቦችም አስር አያ ይዘው፣ ትርጉሙን ሳያውቁና ሳይሠሩበት ወደሚቀጥለው እንደማያልፉ ታቢዒዩ አቡ ዐብዱረሕማን አስ-ሱለሚ አስተላልፈውልናል። እኛ ግን የ4 ሳምንት ትምህርት በአንድ ሌሊት ልንውጥ እንሞክራለን።

ሁለተኛው ሳያዩ ማሰማት ነው። በቁርኣን ቤት «ይዣለሁ» የሚባል ነገር አልነበረም። መያዝህ የሚታወቀው ሎሁ ሲገለበጥ ነው። ይህ ከላይ ካየነው ሙከራ ጋር አንድ ነው፤ ተመራማሪዎቹ በ2006 የለኩትን የገጠር ኡስታዞቻችን ሳይለኩት ሲሠሩበት ኖረዋል።

ሦስተኛው መመለስ ነው። ሙራጀዓ የምንለው። ጂብሪል (ዐ.ሰ) በየረመዳኑ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ቁርኣንን ይከልሱ ነበር፤ ነብዩ ባረፉበት ዓመት ደግሞ ሁለት ጊዜ ከልሰዋል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁርኣንን ባለቤት ከታሰሩ ግመሎች ባለቤት ጋር አመሳስለውታል፤ ከጠበቃቸው ይቆያሉ፣ ከለቀቃቸው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ግመሉ የሚሄደው ባለቤቱ ሰነፍ ጭንቅላት ስላለው አይደለም። ግመል ስለሆነ ነው የሚሄደው። የያዝነው ነገር መሸሹ የማስታወስ ተፈጥሮ ነው፤ የእኛ ሥራ ተመልሶ ገመዱን ማየት ነው።

ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በራሱ ላይ ፈትኖ አሳይቷል። ትርጉም የሌላቸው ቃላትን በቃሉ ይይዝና ከሰዓታት፣ ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ምን ያህሉ እንደቀረ ይለካ ነበር። ያገኘው ነገር፣ ከያዝነው ውስጥ ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን መሆኑን ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየዘገመ ይሄዳል። ስለዚህ ክለሳው የሚያስፈልገው የፈተናው ዋዜማ ላይ ሳይሆን ትምህርቱ በተሰጠበት ዕለትና በማግስቱ ነው።

ሸኽ አዝ-ዘርኑጂ ደግሞ ከ800 ዓመት ገደማ በፊት «ተዕሊሙል ሙተዐሊም» በተባለው ኪታባቸው ለተማሪ የክለሳ ሠንጠረዥ ሰጥተዋል። የትናንቱን ትምህርት 5 ጊዜ፣ ከትናንት ወዲያ የተማረውን 4 ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ያለውን 3 ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ያለውን 2 ጊዜ፣ ከዚያም በፊት ያለውን 1 ጊዜ እንዲደግም ይመክራሉ። ደምሩት። አንድ ትምህርት በ5 ቀናት ውስጥ 15 ጊዜ ይደገማል፤ በየቀኑም ሸክሙ እየቀነሰ ይሄዳል። እኛም 15 ጊዜ እናነብ ይሆናል፤ ግን ሁሉንም በአንድ ሌሊት።

ሃንድአውቱን እንዴት እናሰማው?

«ቁርኣንና ፋርማኮሎጂ አንድ አይደሉም» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ቁርኣንን ገና ትርጉሙ ሳይገባው የሚይዝ ልጅ ብዙ የሚያግዘው ነገር አለ፤ ዜማው፣ የአያዎቹ አጨራረስ፣ የኡስታዙ ጆሮ፣ በሰላት ውስጥ መደገሙ። ሃንድአውት ዜማ የለውም። ስለዚህ ሃንድአውቱን የሚሸከመው ትርጉሙ መሆን አለበት። ያልገባንን ነገር መሸምደድ እጀታ የሌለውን ጀሪካን እንደመሸከም ነው። ከቋንቋው ጋር ሲደመር ደግሞ ይብሳል። የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምናስበው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በስልጥኛ ነው። ብዙ ጊዜ «ማስታወስ አቃተኝ» የምንለው ከመጀመሪያውም ያልገባንን ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ርዕስ አንብቦ፣ ወረቀቱን ዘግቶ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለጓደኛ ማስረዳት ነው። እናትህ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብለው ቢጠይቁህ እንደምትነግራቸው አድርገህ ተናገረው። የምትደናቀፍበት ቦታ ያልገባህ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛው ቃል ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ቆርሶ መያዝ ነው። የአናቶሚ ተማሪ የእጅ አንጓን 8 አጥንቶች እንደ አንድ ረጅም ዝርዝር ሲይዛቸው ይደባለቁበታል። አጥንቶቹ ግን የተደረደሩት በሁለት ረድፍ አራት አራት ሆነው ነው። ስማቸውም ትርጉም አለው። ስካፎይድ ጀልባ መሰል፣ ሉኔት ጨረቃ መሰል፣ ፒሲፎርም አተር መሰል፣ ሃሜት ደግሞ መንጠቆ ያለው ማለት ነው። ጀልባ፣ ጨረቃ፣ አተርና መንጠቆ ያየ ዓይን ስሙን በቀላሉ አይለቅም። የፋርማሲ ተማሪም እንዲሁ። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል በ«ኦሎል» የሚያልቁት አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ነው፤ ካፕቶፕሪልና ኢናላፕሪል በ«ፕሪል» የሚያልቁት ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ሃያ መድኃኒት ከመሸምደድ በፊት አራቱን ቤተሰብ ማወቅ ይቀላል።

የሕግ ተማሪ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ከአንቀጽ 1 ጀምሮ አይሽመድምድ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች በ11 ምዕራፎች ተከፍለው ይገኙበታል። መጀመሪያ የምዕራፎቹን ካርታ መያዝ ይሻላል። ምዕራፍ ሦስት መብቶችና ነጻነቶች እንደሆነ፣ እሱም ሰብዓዊ መብቶችና ዴሞክራሲያዊ መብቶች ተብሎ ለሁለት እንደተከፈለ ያወቀ ሰው፣ ስለ ሃይማኖት ነጻነት የሚናገረው አንቀጽ 27 የት ሰፈር እንደሚገኝ አይጠፋውም። ኢንጂነሪንግ ላይ ያላችሁም ቀመሩን በቃል ከመያዝ በፊት ከየት እንደመጣ አንዴ በእጃችሁ አውጡት፤ ፈተና ላይ ቢጠፋችሁ የመጣበትን መንገድ ተከትላችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ሦስተኛው ማሰማቱ ራሱ ነው። ትምህርቱ በተሰጠበት ዕለት፣ ከመተኛት በፊት ባዶ ወረቀት አውጥቶ ሃንድአውቱን ሳያዩ ያስታወሱትን ሁሉ መጻፍ። 10 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሃንድአውቱን ከፍቶ የጎደለውን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ መሙላት። በሌላ ቀለም የተጻፈው የነገ የቤት ሥራህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቱ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ያሳፍራል፣ ያናድዳልም። ብዙ ሰው ዘዴውን የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ግን ያ ባዶ ወረቀት እውነቱን በጊዜ የነገረህ ወዳጅህ ነው፤ ፈተናው ከሚነግርህ እሱ ቢነግርህ ይሻላል።

ስምና ቁጥር ለሚበዛበት ኮርስ ደግሞ ካርድ ይሥሩ። አንድ ወረቀት ለስምንት ቆርጦ ከፊት ጥያቄ፣ ከጀርባ መልስ መጻፍ። ላይትነር የተባለ ጀርመናዊ በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሠራር አለ። ካርዶቹን በሦስት ፖስታ ክፈሉ። የሳትከው የመጀመሪያው ፖስታ ውስጥ ይገባና በየቀኑ ይታያል፤ የመለስከው ወደ ሁለተኛው ያልፍና በየሦስት ቀኑ፣ ደግመህ የመለስከው ወደ ሦስተኛው ያልፍና በየሳምንቱ ይታያል። ሦስተኛው ላይ ደርሶ የሳትከው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ መቀስ ነው።

ጊዜውስ? እኛ ቀናችን ቀድሞውኑ በአምስት የተከፈለ ሰዎች ነን። ሰላትን የጥናት ደወል እናድርገው ማለቴ አይደለም፤ ሰላት የአላህ ሐቅ ነው። ግን ከፈጅር በኋላ ያለው ሰዓት ለአዲስ ትምህርት፣ ከዙሁር ወደ ክፍል ስንመለስ ያለው መንገድ ለአምስት ካርድ፣ ከዒሻ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ለባዶው ወረቀት ቢውል፣ ማንም ሳይነግረን ክለሳችን በቀኑ ላይ ተበተነ ማለት ነው።

«ወንጀልህ ነው» ስለሚለው ምክር

አሁን ወደከበደኝ ጉዳይ ልግባ። እኔ የመጀመሪያ ዓመት እያለሁ ጥናት አልያዝልህ ሲለኝ አንድ የማከብረው ወንድም ጋ ሄጄ አማከርኩት። «ራስህን ፈትሽ፤ ዒልም ኑር ነው፣ ኑር ደግሞ ወንጀል ካለበት ልብ ውስጥ አይገባም» አለኝ። ለመልካም አስቦ እንደተናገረ አልጠራጠርም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ወር ያህል ደርስ ላይ መቀመጥ አፈርኩ። ውጤቴን ያየ ሰው ሁሉ ድብቅ ወንጀሌን ያየ ይመስለኝ ነበር።

ተውባና ኢስቲግፋር የሁላችንም የዕለት ፍላጎት ነው። ወንጀል ልብን እንደሚያከብድም አልክድም። ኢማሙ ሻፊዒይ ስለ ሒፍዛቸው ለመምህራቸው ለወኪዕ ስሞታ አቀረቡ የሚለውን ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል። ግን ያ ምክር ሌት ተቀን ሲከልስ ለኖረ ዓሊም የተሰጠ ነው። አንድም ቀን እንዴት እንደሚጠና ያላሳየነውን የ19 ዓመት ልጅ፣ የወደቀ ቀን ይዘን በእሱ መምታት ግን ሌላ ነገር ነው። ማስረጃ ሳይኖረን በወንድማችን ልብ ውስጥ ያለውን ማን አሳየን?

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀርበው «ብዙ ሐዲስ ከእርስዎ እሰማለሁ፣ እረሳዋለሁ» ብለው ሲያዝኑ፣ ነብዩ ወንጀላቸውን አልጠየቋቸውም። ኩታቸውን እንዲዘረጉ አዘዟቸው፤ በእጃቸው እንደመዝገን አድርገው ጨመሩላቸውና ወደ ራሳቸው እንዲሰበስቡት ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ አለመርሳታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ይህ የነብዩ ሙዕጂዛ ነው፤ እኛ የለንም። አቀባበሉ ግን ሱንና ነው። «እረሳለሁ» ብሎ የመጣን ሰው አላሳፈሩትም፤ አንድ ነገር በእጁ አስያዙት። ያ ሶሓባም በኋላ ሌሊቱን ለሦስት ከፍለው ሢሶውን ይተኙ፣ ሢሶውን ይሰግዱ፣ ሢሶውን ደግሞ ሐዲስ ይከልሱ እንደነበር ተዘግቧል። ዱዓውን ያገኙት ሰው እንኳ ሙራጀዓውን አልተዉም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው በሌሊት ሲቀራ ሰምተው፣ ተረስተዋቸው የነበሩ አያዎችን ስላስታወሳቸው ዱዓ እንዳደረጉለት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ቁርኣንን እየተንተባተበና እየከበደው ለሚቀራ ሰውም ሁለት አጅር እንዳለው የነገሩን እሳቸው ናቸው። ቀስ የሚል ተማሪ በዲናችን ውስጥ የሚያፍርበት ቦታ የለም። በጀመዓችን ውስጥም እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

እንቅልፍና ጫት

በፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያነጋ ብዙ ነው። የተማርነው በአእምሯችን ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ሌሊቱን የገፋ ሰው የዘራውን ውኃ ሳያጠጣ ወጥቶ እንደሄደ ገበሬ ነው። በጫት ታግዞ የሚያድረው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ምርቃናው ላይ እያለ ሁሉም ነገር የገባው፣ ሁሉንም የያዘ ይመስለዋል፤ ያን ያህል እርግጠኛ የሚሆንበት ሰዓት የለም። ጠዋት ፈተና ክፍል ውስጥ ሲወርድ ግን እጁ ላይ ድካምና ያለፈው ፈጅር ብቻ ይቀራል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ ነበር። ከዒሻ በኋላ ሩብ ሰዓት ማሰማት፣ ከዚያ መተኛት፣ ከፈጅር በኋላ መጀመር። ከዚህ የተሻለ ፕሮግራም እስካሁን አላየሁም።

ጀመዓችንን የምጠይቀው

ጀመዓው ለተማሪው ብዙ ይለፋል፤ አላህ አጅራችሁን ይክፈላችሁ። ነገር ግን ሦስት ነገሮች እንዲቀየሩ በግልጽ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ቱቶሪያሎቻችን ሁለተኛ ሌክቸር ሆነዋል። ሲኒየሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ይገለብጣል። ከሁለት ሰዓቱ ግማሹ የማሰማት ይሁን። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ ሃንድአውቱን ይያዝ፣ ሌላው ሳያይ ያስረዳ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። አስተማሪ አያስፈልግም፤ የሚሰማ ጆሮ ይበቃል። በእህቶችም በኩል እንዲሁ ቢደራጅ ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ የሒፍዝ ፕሮግራማችን ለሁሉም በቀን አንድ ገጽ ማለቱን ይተው። ሦስት መስመር የሚይዝ ሰው በሦስት መስመር ይመዝገብ። በቀን አንድ ገጽ አቅቶት በሦስተኛው ሳምንት የጠፋ ወንድም ስንት አለ? ሦስት መስመር ይዞ አራት ዓመት የቆየ ሰው ሲመረቅ የት እንደሚደርስ አስሉት።

ሦስተኛ፣ አዲስ ተማሪ ስንቀበል የካፌና የመስጂዱን መንገድ እንደምናሳየው ሁሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንደሚጠና አንድ ከሰዓት ተቀምጠን እናሳየው። ማስጠንቀቂያ ከደረሰው በኋላ መምከር ዘግይቷል። አንድ ተማሪ ከግቢ ሲመለስ ብቻውን አይመለስም። በሬ ሸጠው የላኩት አባት፣ የታናናሾቹ ተስፋ፣ አንዳንዴም ዲኑ አብሮት ይመለሳል።

ጓደኛዬስ? አልሐምዱሊላህ፣ አባቱ ጋ አልደወለም። ከማግስቱ ጀምሮ ከዒሻ በኋላ እኔና እሱ አልጋ ላይ ተቀምጠን መሰማማት ጀመርን። እኔ የእሱን ኮርስ አልማርም፤ ሃንድአውቱን ይዤ እከታተላለሁ እንጂ። የመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቱ ባዶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተናዶ ትቶት ወጥቷል። በፋይናሉ ኤ አላመጣም፤ ኮርሱን በሲ አለፈ። በቀጣዩ ሴሚስተር ግን ውጤቱ ሲለጠፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አላዞረም።

ያላሰብነው ነገርም ተጨመረ። ለካስ ግቢ ከገባ ወዲህ ከቁርኣኑም ሸሽቶበት ነበር፤ አፍሮ ለማንም አልተናገረም። አሁን ሃንድአውቱን ከጨረስን በኋላ ሙስሐፉን ይሰጠኝና ግማሽ ጁዝእ ያሰማኛል። እኔም ከእሱ ጆሮ አላመለጥኩም። በፈተና ሰሞን «አጥንቼ ጨርሻለሁ» ብዬ ስጋደም ከላይኛው አልጋ አንገቱን አውጥቶ አንዲት ጥያቄ ይጠይቀኛል፤

«ለማን አሰማህ?»

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባሳወቀንም ይጥቀመን፣ የያዝነውንም ያጽናልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።